የእንግሊዝኛ ፍሬዝ ዓይነቶች፦ ስማቸውን እናውቃለን፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ይጠፉብናል

ኮምቦልቻ 12ኛ

እንዴት ሰነበታችሁ የወሎ ልጆች። ፈተናው እየደረሰ ነው፤ ከእንግሊዝኛው እኔንም ጓደኞቼንም ያስቸገረን ፍሬዝ ነው። ኖውን ፍሬዝ፣ ቨርብ ፍሬዝ፣ አድጀክቲቭ፣ ፕሪፖዚሽናል፣ ጀረንድ፣ ፓርቲሲፕል፣ ኢንፊኒቲቭ፣ አፖዚቲቭ እያልን በቃላችን እንወጣዋለን። ዓረፍተ ነገር ሲሰጠን ግን የቱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አናውቅም። ሦስት ጥያቄ አለኝ።

«ዘ ኦልድ ቸርች ኦን ዘ ሂል» ውስጥ «ኦን ዘ ሂል» የሚለውን አንዱ መጽሐፍ አድጀክቲቭ ፍሬዝ፣ ሌላው ፕሪፖዚሽናል ፍሬዝ ይለዋል። የትኛው ነው ልክ? አይኤንጂ ያለበት ቃልስ መቼ ጀረንድ፣ መቼ ፓርቲሲፕል ይሆናል? ደግሞ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ዘ ጎትስ» ካልን በኋላ የሚመጣው «ኢዝ» ነው ወይስ «አር»?

እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጻፉልን። ጮክ ብለን እያነበብን ነው የምናጠናው።

መምህር ከወረኢሉ

ሸጋ ጥያቄ ነው። ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ከተፈታ ሌላው ይቀላል።

ሐረግ፣ ፍሬዝ የምትሉት ማለት ነው፣ አንድ መሪ ቃል ይዞ እንደ አንድ ነገር የሚንቀሳቀስ የቃላት ስብስብ ነው። ባለቤትና ጊዜ የያዘ ግስ አንድ ላይ ከተገኙበት ግን ሐረግ መሆኑ ቀርቶ ክሎዝ ሆኗል። «አፍተር ዘ ሬይን»፣ ከዝናቡ በኋላ፣ ሐረግ ነው። «አፍተር ዘ ሬይን ስቶፕድ»፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ክሎዝ ነው። መለያው የቃላቱ ብዛት አይደለም። አሥራ አምስት ቃል ያለው ሐረግም፣ ሁለት ቃል ብቻ ያለው ክሎዝም ሞልቷል።

ለሐረጉ ስም የሚያወጣለት መሪው ነው። መሪው ስም ከሆነ ኖውን ፍሬዝ፣ ቅጽል ከሆነ አድጀክቲቭ ፍሬዝ እያለ ይቀጥላል። እኛን የሚያስቸግረን መሪውን የምንፈልግበት ቦታ ነው። አማርኛ መሪውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ከሐይቁ አጠገብ ያለው ትልቁ አሮጌ ቤት» ሲባል ጆሯችን «ቤት» እስኪመጣ ይጠብቃል። እንግሊዝኛው «ዘ ቢግ ኦልድ ሃውስ ኒር ዘ ሌክ» ይላል። መሪው «ሃውስ» መሐል ላይ ቁጭ ብሏል፤ መጨረሻ የተሰማው «ሌክ» መሪ አይደለም። አማርኛ የለመደ ጆሮ ግን መጨረሻ የሰማውን ስም ይዞ ወደ ግሱ ይሄዳል። «ዘ ፕራይስ ኦፍ ዘ ጎትስ አር ሃይ» የሚባለው ለዚህ ነው። ውድ የሆነው ዋጋው ነው፣ ዋጋው ደግሞ አንድ ነው። ስለዚህ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ዘ ጎትስ ኢዝ ሃይ» ነው ልኩ።

ፈተና ላይ ይህን አድርጉ፦ ከ«ኦፍ»፣ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «ኒር»፣ «ዊዝ» ጀምሮ እስከ ግሱ ድረስ ያለውን በጣታችሁ ሸፍኑት። ሳይሸፈን የቀረው ስም መሪው ነው፤ ግሱ የሚስማማው ከእሱ ጋር ነው።

መሸፈኑ የማይሠራባቸው ጥቂት ቃላት አሉ፤ እነሱን ለይታችሁ ያዙ። «ሰም ኦፍ»፣ «ሞስት ኦፍ»፣ «ኦል ኦፍ»፣ «ሃፍ ኦፍ»፣ «ኤ ሎት ኦፍ» ሲመጡ ግሱ የሚያየው ከ«ኦፍ» በኋላ ያለውን ስም ነው፦ «ሰም ኦፍ ዘ ሚልክ ኢዝ»፣ «ሰም ኦፍ ዘ ጎትስ አር»። «ዋን ኦፍ ዘ ጎትስ» ግን ሁልጊዜ «ኢዝ» ነው። «ዘ ናምበር ኦፍ» ነጠላ፣ «ኤ ናምበር ኦፍ» ብዙ ነው፦ «ዘ ናምበር ኦፍ ሮክ ቸርችስ ኢን ላሊበላ ኢዝ ኢለቨን»፣ «ኤ ናምበር ኦፍ ቱሪስትስ አር ሂር»። በ«ዘ» እና በ«ኤ» ብቻ የሚለያዩ ስለሆነ ፈታኞች ይወዱታል።

ኩታበር

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ከስሙ በፊት የሚቀመጠውና ከስሙ በኋላ የሚቀመጠው በምን ይለያል? እኛ ሁሉንም ከፊት ነው የምንደረድረው።

መምህር ከወረኢሉ

ብቻውን የቆመ ቅጽል ከፊት ይቀመጣል፤ ጭራ ያስከተለ ገላጭ ወደ ኋላ ይሄዳል። «ኤ ፉል ባግ» ይባላል፣ ምክንያቱም «ፉል» ብቻውን ነው። «በዓሣ የተሞላ ሐይቅ» ለማለት ግን «ኤ ፉል ኦፍ ፊሽ ሌክ» አይባልም። «ፉል» ጭራ ስላበቀለ «ኤ ሌክ ፉል ኦፍ ፊሽ» ይሆናል። «ፉል ኦፍ ፊሽ» መሪው «ፉል» የሆነ አድጀክቲቭ ፍሬዝ ነው። «ፕራውድ ኦፍ ሂዝ ሰን»፣ «አፍሬይድ ኦፍ ዘ ዳርክ»፣ «ጉድ አት ማትስ» እንደዚሁ ናቸው። ከእነዚህ ቅጽሎች ጋር የሚሄደውን መስተዋድድ አብሮ ማጥናት ይሻላል፤ ብዙው ስህተት «ጉድ ኢን ማትስ» ከማለት ነው የሚመጣው።

ከፊት የሚቀመጡትም ቢሆን ተራ አላቸው። መጀመሪያ ወሳኙ፣ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ» ይመጣል። ከዚያ ቁጥሩ፣ የተናጋሪው አስተያየት፣ መጠኑ፣ ዕድሜው፣ ቀለሙ፣ አገሩ፣ የተሠራበት ነገር፣ መጨረሻ ላይ መሪው። ሦስት ትንንሽ ጥቁር የሸክላ ጀበናዎች ምድጃ ዳር ተደርድረው አስቡ፦ «ማይ ስሪ ስሞል ብላክ ክሌይ ኮፊ ፖትስ»። «ክሌይ» ከ«ብላክ» ቀድሞ ቢገባ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጠዋል።

ሙጋድ

አንድ ልጨምር። ቁጥርና መለኪያ ከስሙ በፊት ገብተው ሲገልጹ የብዙ ቁጥር «ኤስ» አይወስዱም። «ኤ ፋይቭ ይርስ ኦልድ ቦይ» ስህተት፣ «ኤ ፋይቭ ይር ኦልድ ቦይ» ልክ ነው፤ ሲጻፍም በሰረዝ ይያያዛል። «ኤ ተን ብር ኖት»፣ «ኤ ሰርቲ ኪሎሜትር ሮድ» ተመሳሳይ ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን ያግዘናል፤ «የአምስት ዓመት ልጅ»፣ «የአሥር ብር ኖት» እንጂ «የአምስት ዓመቶች ልጅ» አንልም። ከመሪው በኋላ ሲመጣ ግን «ኤስ» ይመለሳል፦ «ዘ ቦይ ኢዝ ፋይቭ ይርስ ኦልድ»።

ቦሩ ሜዳ

የ«ኦን ዘ ሂል» ጥያቄ ሳይመለስ አለፈ። በእኔ እምነት አድጀክቲቭ ፍሬዝ ነው። «ቸርች» የሚለውን ስም ስለሚገልጽ የቅጽል ሥራ ሠርቷል፤ «የትኛው ቤተ ክርስቲያን?» ለሚለው መልስ ሰጥቷል። የድሮዎቹ የሰዋስው መጻሕፍት የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

መምህር ከወረኢሉ

ቦሩ ሜዳ፣ የጠቀስከው አሰያየም አለ፤ ትክክለኛ ልማድም ነው። ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እየተቀላቀሉ ነው፤ ተማሪውን የሚያደናግረውም ይኸው ነው። አንዱ «ከምን ተሠራ?» ነው፤ ሌላው «ምን ሠራ?» ነው። ጋቢን አስብ። ከጥጥ የተሸመነ ነው፤ ቀን ይለበሳል፣ ማታ ይደረባል። ማታ ስለተደረበ ብርድ ልብስ ሆነ አንልም፣ ጋቢነቱ እንዳለ ነው። «ኦን ዘ ሂል» በአሠራሩ ፕሪፖዚሽናል ፍሬዝ ነው፤ በ«ኦን» ይጀምራል፣ ኖውን ፍሬዝ ያስከትላል። «ዘ ቸርች ኦን ዘ ሂል» ውስጥ ሥራው የቅጽል ነው። «ዊ ፕሬይድ ኦን ዘ ሂል» ሲባል ደግሞ የት እንደጸለይን ስለሚናገር ሥራው የተውሳከ ግስ ነው። አሠራሩ አልተለወጠም፣ ሥራው ተለወጠ።

ፈተና ላይ የጥያቄውን አነጋገር እዩ። «ዓይነቱ ምንድን ነው?» ከሆነና ምርጫው ውስጥ «ፕሪፖዚሽናል» ካለ እሱን ያዙ። «ተግባሩ ምንድን ነው?» ካለ «አድጀክቲቫል» ወይም «አድቨርቢያል» የሚለውን ፈልጉ። ምርጫው ውስጥ «ፕሪፖዚሽናል» ጭራሽ ከሌለ መጽሐፉ በሥራ የሚሰይም ነው ማለት ነው፤ ያኔ የቦሩ ሜዳ መልስ ልክ ይሆናል።

ቦሩ ሜዳ

ይህን እቀበላለሁ። «አድቨርብ ፍሬዝ» እና «አድቨርቢያል» መለያየታቸውም በዚሁ ይታያል። «ቬሪ ስሎውሊ» መሪው «ስሎውሊ» ስለሆነ አድቨርብ ፍሬዝ ነው። «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ውስጥ አንድም አድቨርብ የለም፤ ሥራው ብቻ ነው የተውሳከ ግስ።

እህት ከወልድያ

ስለዚሁ ፕሪፖዚሽናል ፍሬዝ፦ «የትኛውን ነው የሚገልጸው?» የሚለው ትርጉሙንም ይቀይረዋል። «ሺ ሶልድ ዘ ጎት ኢን ባቲ» የሚለውን ተመልከቱ። ፍየሏን ባቲ ወስዳ፣ በሰኞው ገበያ ሸጠቻት ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም ሁለት ፍየል ነበራት፤ የሸጠችው ባቲ ያለችዋን ነው፣ ሽያጩ ደሴ ላይ ቢሆንም። አማርኛው «ባቲ ላይ ፍየሏን ሸጠች» እና «ባቲ ያለችውን ፍየል ሸጠች» ብሎ ለያይቶ ይገላገላል። በእንግሊዝኛው ለመለየት ኖውን ፍሬዙን በ«ኢት» ተኩት። «ሺ ሶልድ ኢት ኢን ባቲ» ካላችሁ «ኢን ባቲ» ከግሱ ጋር ነው። «ሺ ሶልድ ኢት» ብቻ ከቀረ ግን «ኢት» «ኢን ባቲ»ንም ጠቅልሎ ስለወሰደው ሐረጉ የ«ጎት» ገላጭ ነበር። ስትጽፉ ማምታታት ካልፈለጋችሁ ቦታውን አስቀድሙት፦ «ኢን ባቲ፣ ሺ ሶልድ ዘ ጎት»።

የሐይቅ ዳር

አይኤንጂውን እኔ ልውሰደው። አማርኛ ላይ መልሳችሁ የፊት ፊደሉን ስሙ።

«ሴሊንግ ጎትስ ኢዝ ሃርድ ወርክ»፦ ፍየል መሸጥ ከባድ ሥራ ነው። «መ» ከወጣ ጀረንድ ነው። በ«ኢት» ተኩትና አረጋግጡ፤ «ኢት ኢዝ ሃርድ ወርክ» ያስኬዳል። ግሱ «ኢዝ» እንጂ «አር» እንዳልሆነም እዩ፤ መሪው «ሴሊንግ» ነው፣ «ጎትስ» አይደለም።

«ዘ ውመን ሴሊንግ ጎትስ አር ፍሮም ባቲ»፦ ፍየል የሚሸጡት ሴቶች የባቲ ናቸው። «የሚ» ከወጣ ፓርቲሲፕል ፍሬዝ ነው፣ ስሙን ይገልጻል። ጭራ ስላለውም ከስሙ ኋላ ገብቷል፣ መምህር እንዳሉት።

«ዘ ውመን አር ሴሊንግ ጎትስ»፦ ሴቶቹ ፍየል እየሸጡ ናቸው። ከፊቱ «አር» ስላለ የቨርብ ፍሬዝ አካል ነው።

ለብቻ መጠናት ያለበት የኢንፊኒቲቭ «ቱ» እና የመስተዋድድ «ቱ» ልዩነት ነው፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ይቀላቀላሉ። ከ«ቱ» በኋላ ተራ ስም አስገቡ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊደይ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ ይህ «ቱ» መስተዋድድ ነው፣ ግስ ሲከተለው አይኤንጂ ያስፈልገዋል፦ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲኢንግ ዩ»። «አይ ወንት ቱ ዘ ሆሊደይ» አያስኬድም፤ ይህኛው የኢንፊኒቲቭ ነው፦ «ወንት ቱ ሲ ዩ»።

ከየትኛው ግስ ኋላ የትኛው እንደሚመጣ ደግሞ በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የለውም። «ኢንጆይ»፣ «አቮይድ»፣ «ፊኒሽ»፣ «ማይንድ»፣ «ሳጀስት» አይኤንጂ ይፈልጋሉ። «ወንት»፣ «ሆፕ»፣ «ዲሳይድ»፣ «ሪፊውዝ»፣ «ፕሮሚስ» «ቱ» ይፈልጋሉ። «ስቶፕ» ሁለቱንም ይወስዳል፤ ትርጉሙ ግን ይገለበጣል። «ሂ ስቶፕድ ድሪንኪንግ ኮፊ» ቡና መጠጣት አቆመ። «ሂ ስቶፕድ ቱ ድሪንክ ኮፊ» ቡና ለመጠጣት ቆመ። ወሎ ውስጥ የመጀመሪያው የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ኮምቦልቻ 12ኛ

የሐይቅ ዳር፣ አላህ ይስጥልኝ። «መ፣ የሚ፣ እየ» ደብተሬ ጀርባ ላይ ገባች። ግን «እየ» ሆኖ «አር» የሌለው ሲያጋጥመንስ? «ክላይሚንግ ጦሳ፣ ዘ ታውን ሉክድ ስሞል» የሚለውን (ጦሳ የደሴው ተራራ ነው) መምህራችን ስህተት ነው አሉን። ምኑ ነው የተሳሳተው?

የሐይቅ ዳር

ከፊቱ «አር» ወይም «ዋዝ» ከሌለ ያው ፓርቲሲፕል ፍሬዝ ነው፤ በነጠላ ሰረዝ ተለይቶ ዓረፍተ ነገሩን ይከፍታል። የሰጠኸው ምሳሌ የምንሳሳትበትን ምክንያት አጉልቶ ስለሚያሳይ ቆም ብለን እንየው።

በአማርኛ «ጦሳን ስንወጣ ከተማው አነሰብን» ብንል ምንም ስህተት የለበትም። «ስንወጣ» ውስጥ ያለው «ን» የሚወጣው ማን እንደሆነ ተናግሯል፤ እኛ ነን። የእንግሊዝኛው «ክላይሚንግ» ግን ባለቤት አይናገርም፤ እኔም፣ አንቺም፣ እነሱም ብንሆን ያው «ክላይሚንግ» ነው። ባለቤት ስለሌለው ከነጠላ ሰረዙ በኋላ የመጀመሪያውን ስም ይይዛል። የመጀመሪያው ስም «ዘ ታውን» ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ደሴ ከተማ ራሷ ጦሳን ወጣች ነው።

የሚስተካከለው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ወጪዎቹን ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ አምጡ፦ «ክላይሚንግ ጦሳ፣ ዊ ሶው ዘ ሆል ታውን»። ወይ ሐረጉን ወደ ክሎዝ ቀይሩት፦ «አዝ ዊ ክላይምድ ጦሳ፣ ዘ ታውን ሉክድ ስሞል»። «በልተን ወጣን» የምንለውም ወደ «ሃቪንግ ኢትን፣ ዊ ሌፍት» ሲዞር ይህንኑ ሕግ ይከተላል።

አምባሰል

ቨርብ ፍሬዝን የነካው የለም። አራት ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱ የሚቀጥለውን ቃል መልክ ይወስናል። መጀመሪያ ሞዳሉ፣ «ካን»፣ «ሜይ»፣ «ማስት»፣ «ዊል»፤ ከእሱ በኋላ ግሱ እርቃኑን ይመጣል። ቀጥሎ «ሃቭ»፤ ከእሱ በኋላ ሦስተኛው መልክ። ቀጥሎ «ቢ»፤ ከእሱ በኋላ ድርጊቱ እየቀጠለ ከሆነ አይኤንጂ፣ ተደራጊ ከሆነ ሦስተኛው መልክ። መጨረሻ ዋናው ግስ። «ዘ ሮድ ሜይ ሃቭ ቢን ክሎዝድ»፣ መንገዱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ አራቱንም ደረጃ ይዟል።

«ሺ ካን ስፒክስ»፣ «ዜይ ማስት ቱ ጎ»፣ «ሂ ዲድ ኖት ዌንት» የሚባሉት ስህተቶች ሁሉ ከዚህ ሰንሰለት ይወጣሉ። ጊዜ የሚነገረው አንዴ ብቻ ነው፣ መጀመሪያው ቃል ላይ። «ዲድ» ያለፈውን ጊዜ ከተሸከመ «ጎ» እንደገና አይሸከመውም።

ሞዳልን አቅልሎ የሚያይ ውጫሌን ያስታውስ። ብዙም ሳንርቅ እዚሁ አምባሰል፣ በ1881 ዓ.ም. ምኒልክና ኢጣልያ የተፈራረሙት ውል አንቀጽ 17 ላይ ያጣላቸው ነገር ግስ ነበር። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አደረገው። በእንግሊዝኛ «ሜይ» እና «ማስት» መካከል ያለው ርቀት ያን ያህል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንዱ መጽሐፍ ቨርብ ፍሬዝ የሚለው የግሶቹን ሰንሰለት ብቻ ነው፤ ሌላው ተሳቢውንና ከኋላ ያለውን ሁሉ ይጨምራል። የተሰመረበትን እዩና ወስኑ።

እህት ከወልድያ

ፈተና ላይ የማይቀር አንድ ልጨምር። «ቢኮዝ» ክሎዝ ይፈልጋል፣ «ቢኮዝ ኦፍ» ሐረግ። ጉም መንገዱን ሲዘጋው፦ «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ፎግ» ወይም «ቢኮዝ ዘ ፎግ ዋዝ ቲክ»። «ኦልዞው» ክሎዝ፣ «ዲስፓይት» ሐረግ። «ዲስፓይት ኦፍ» የሚባል የለም፤ «ኦፍ» የሚወስደው «ኢን ስፓይት» ነው።

መምህር ከወረኢሉ

እንግዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ፤ ከጠየቃችሁት አብዛኛው አለበት። ኮምቦልቻ፣ ሐረጎቹን ለይና መልስ።

«ካርቭድ ፍሮም ሶሊድ ሮክ፣ ዘ ኢለቨን ቸርችስ ኦፍ ላሊበላ፣ ኤ ታውን ኢን ላስታ፣ አትራክት ፒፕል ሆፒንግ ቱ ሴሌብሬት ገና ዜር።»

ኮምቦልቻ 12ኛ

ሞከርኩት። «ካርቭድ ፍሮም ሶሊድ ሮክ» ቨርብ ፍሬዝ። «ዘ ኢለቨን ቸርችስ ኦፍ ላሊበላ» ኖውን ፍሬዝ፣ መሪው «ቸርችስ»፤ ስለዚህ «አትራክት» ያለ «ኤስ» ገባ። «ኦፍ ላሊበላ» እና «ኢን ላስታ» ፕሪፖዚሽናል። «ኤ ታውን ኢን ላስታ» አፖዚቲቭ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹን ይገልጻል። «ሆፒንግ» «የሚ» ስለሚወጣው ፓርቲሲፕል። «ቱ ሴሌብሬት ገና ዜር» ኢንፊኒቲቭ።

መምህር ከወረኢሉ

አበጀህ፤ ሁለት ብቻ ነው የሳትከው።

«ካርቭድ» እዚህ ጊዜ አልያዘም፣ ባለቤትም የለውም። «ተፈለፈሉ» ሳይሆን «ከአለት የተፈለፈሉ» ነው። «የተ» ከወጣ ፓስት ፓርቲሲፕል ነው፤ የሐይቅ ዳር ዝርዝር ላይ ጨምራት። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ የሚይዘውን ስም ፈልግ፦ «ዘ ኢለቨን ቸርችስ»። የተፈለፈሉት እነሱ ስለሆኑ ዓረፍተ ነገሩ ደህና ነው። «ፒፕል» ቢከተለው ኖሮ የተፈለፈሉት ሰዎቹ በሆኑ ነበር።

አፖዚቲቩ ደግሞ ሌላ ስም የሚሰጠው አጠገቡ ላለው ስም ነው። «ታውን» ነጠላ ነው፣ «ቸርችስ» ብዙ፤ አይገጥሙም። ከተማ የሆነችው ላሊበላ ናት። ሁለቱን በ«ኢዝ» አገናኝተህ ሞክር፦ «ላሊበላ ኢዝ ኤ ታውን» ያስኬዳል፣ «ዘ ቸርችስ አር ኤ ታውን» አያስኬድም። በሁለት ነጠላ ሰረዝ መታጠሩንም አትርሳ፤ ሁለተኛው ሲረሳ ነው ዓረፍተ ነገሩ የሚናደው።

ኮምቦልቻ 12ኛ

ገባኝ መምህር። አንዲት ብቻ ቀረች። «ሆፒንግ ቱ ሴሌብሬት ገና ዜር» ሁሉም አንድ ሐረግ ነው ወይስ ሁለት?

መምህር ከወረኢሉ

አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ነው። «ቱ ሴሌብሬት ገና ዜር» የ«ሆፕ» ማሟያ ነው፤ «ሆፒንግ» ኢንፊኒቲቩን ይዞ ሙሉ ፓርቲሲፕል ፍሬዝ ሆነ፤ ሙሉው ፓርቲሲፕል «ፒፕል»ን ይዞ አንድ ኖውን ፍሬዝ ሆነ። በ«ዜም» ተካው፦ «ዘ ቸርችስ አትራክት ዜም»። ከ«ፒፕል» እስከ «ዜር» ያለው በአንድ ቃል ከተዋጠ አንድ ሐረግ ነው። «ይህን አስምርና ዓይነቱን ጻፍ» ሲባል ከየት እስከ የት እንደተሰመረ እይ፤ ከ«ፒፕል» ከተጀመረ ኖውን፣ ከ«ሆፒንግ» ከተጀመረ ፓርቲሲፕል፣ ከ«ቱ» ከተጀመረ ኢንፊኒቲቭ ነው።